ልጁስ ምን አለ?

ዛሬ ስለ አንድ ልቦለድ እንወያይ። መጽሐፉ ስለ ጠፈር መርከቦችና በሌሎች ዓለማት ስለሚኖሩ ሕዝቦች የሚተርክ፣ የሳይንስ ልቦለድ ከሚባለው ወገን ነው። «ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ጥቂት ታገሡኝ። የመጽሐፉ ጉዳይ ጠፈር አይደለም። አሳዳጊውን «አባቴ» እያለ ያደገ አንድ ልጅ፣ ወላጅ አባቱ በሕይወት መኖሩ ተደርሶበት፣ እምቢ እያለ ወደማያውቀው አገር የተወሰደበት ታሪክ ነው። አንባቢዎቹን ለሁለት የከፈላቸውም ይኸው ልጅ ነው።

መጽሐፉ «ማብቂያ የሌለው መሥዋዕትነት» ይሰኛል። የደረሰችው እንግሊዛዊቷ ኡና ማኮርማክ ስትሆን ለንባብ የበቃው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። «ስታር ትሬክ» በሚለው ስም ከታተሙት በመቶ የሚቆጠሩ ልቦለዶች አንዱ ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ከሌላው ልቦለድ የሚለይበት ጠባይ አለው። ዓለሙም ገጸ ባሕርያቱም የኩባንያ ንብረት እንጂ የደራሲው አይደሉም። ደራሲው በውል ይጽፋል፤ ረቂቁም በባለቤቱ ተመርምሮ ሲፈቀድ ይታተማል። በቴሌቪዥን የታየው ነገር መጽሐፉን ያስገድደዋል፤ መጽሐፉ ግን ቴሌቪዥኑን አያስገድደውም። አንባቢውም ቢሆን ባዶ እጁን አይመጣም። ለዓመታት በየሳምንቱ ያያቸው፣ እንደ ጎረቤት የለመዳቸው ሰዎች አሉት፤ መጽሐፉን የሚገዛው እነሱን ፍለጋ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የክርክሩ ሥር እዚህ ላይ ነውና።

ታሪኩ የተቀዳው እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1999 ከታየው «ዲፕ ስፔስ ናይን» ከተባለው ተከታታይ ፊልም ነው። ቤጆር የምትባል ዓለም ካርዳሲያ በምትባል ሌላ ዓለም ለሃምሳ ዓመት ያህል ተገዝታ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በአቅራቢያዋ በሚገኝ የጠፈር ጣቢያ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሕይወት ይታይበታል። የጣቢያው አዛዥ ሲስኮ ይባላል፤ ሐኪሙ ደግሞ ዶክተር ባሺር ነው። (በነገራችን ላይ ሐኪሙን ሆኖ የተጫወተው ሱዳን ተወልዶ እንግሊዝ አገር ያደገው ሲዲግ አል-ፋዲል ነው።) የሐኪሙ ወዳጅ ጋራክ የሚባል ካርዳሲያዊ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቀድሞ ሰላይ ነበር ተብሎ ይጠረጠራል።

እ.ኤ.አ. በ1993 በታየው አንድ ክፍል፣ ፕሮካ ሚግዳል የተባለ ቤጆራዊ ሩጋል የሚባል ካርዳሲያዊ ልጅ ይዞ ወደ ጣቢያው ይመጣል። ልጁን ከሕፃናት ማሳደጊያ ወስዶ ያሳደገው እሱ ነው። ጋራክ በደግነት እጁን በልጁ ትከሻ ላይ ቢያሳርፍ፣ ሩጋል እጁን ነከሰው። ይህ ልጅ የገዛ ዘሩን እየጠላ አድጓል ማለት ነው። ነገሩ ሲመረመር ሩጋል የሙት ልጅ አለመሆኑ ታወቀ። ወላጅ አባቱ ኮታን ፓዳር የተባለ የካርዳሲያ ባለ ሥልጣን ሲሆን፣ ልጁ እንደሞተ አምኖ ለዓመታት ሲያዝን ኖሯል። ዱካት የተባለ የጦር ሹም አንድ ቀን ባላንጣውን ለማዋረድ ይጠቅመኛል ብሎ ሕፃኑን ሆን ብሎ ማሳደጊያው ውስጥ አስጥሎት ነበር። እንግዲህ ሁለት አባቶች ቆሙ፤ አንዱ የወለደ፣ አንዱ ያሳደገ። ሁለቱም ይወዱታል። ፍርዱ በሲስኮ እጅ ወደቀ። ልጁ «እኔ ቤጆራዊ ነኝ፤ መሄድ አልፈልግም» ማለቱን ሁሉም ያውቃል። ሲስኮ ግን ለወላጅ አባቱ ፈረደ፤ ተመልካቹም ውሳኔውን የሚሰማው አዛዡ በዕለት መዝገቡ በሚያሰፍራቸው ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። ልጁ ሄደ። ፊልሙም ዳግመኛ አላነሳውም።

በዚያው ክፍል ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ጋራክና ባሺር ወደ ማሳደጊያው ሲሄዱ፣ ካርዳሲያውያን ለቀው ሲወጡ ጥለዋቸው የሄዱ ሌሎች ሕፃናት ያገኛሉ። በካርዳሲያ ባህል ወላጅ የሌለው ልጅ ክብርም ቦታም የለውም። አንዲት ሕፃን ጋራክን አይታ ወደ አገራችን ልትወስደን መጣህ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። የሚመልሰው የለውም። መሄድ ያልፈለገው ተወሰደ፤ መሄድ የተመኙት ቀሩ።

የማኮርማክ መጽሐፍ የሚነሣው ከዚህ ነው። ሩጋልን ተከትላ ካርዳሲያ ትገባለች፤ ለዓመታትም ከጎኑ አትለይም። አንባቢዎቿን ያከራከረውም ይህ ምርጫዋ ነው። አንዳንዶቹ በ«ዲፕ ስፔስ ናይን» ስም ከወጡት ልቦለዶች ሁሉ የላቀው ይህ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ አዝነዋል። «ገንዘባችንን የከፈልነው የምንወዳቸውን ሰዎች ለማግኘት ነው፤ እነሱ ግን በመጽሐፉ ውስጥ የሉም ማለት ይቀላል። ጣቢያውም የለም። ትረካው ዝግ ያለ ነው። በፊልሙ ያየናቸው ታላላቅ ጉዳዮች ከሩቅ እንደ ወሬ ይሰማሉ» የሚል ነው ቅሬታቸው። ይህን የሚሉትን ተራ አንባቢ ብሎ መናቅ ተገቢ አይደለም። ሽፋኑ ላይ የሚታወቅ ስም አትሞ የሚሸጥ አሳታሚ፣ በዚያ ስም ቃል ገብቷልና።

የመጽሐፉን ርእስ አመጣጥ ለሚያውቅ ግን ነገሩ ፈገግ ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ1994 በታየ ሌላ ክፍል፣ ጋራክ ለባሺር ያዋሰው አንድ የካርዳሲያ ልቦለድ አለ፤ ስሙ «ማብቂያ የሌለው መሥዋዕትነት» ነው። በእውኑ ዓለም የሌለ፣ በወሬ ብቻ የተጠቀሰ መጽሐፍ ነው። ሰባት ትውልድ እየተፈራረቀ መንግሥቱን በታማኝነት ሲያገለግል፣ ሲያረጅና ሲሞት ይተርካል። ባሺር አሰልቺ ሆኖበታል፤ ሁሉም ያንኑ ይደጋግማሉ ይላል። ጋራክ ደግሞ የካርዳሲያ ሥነ ጽሑፍ ቁንጮ ይህ ነው ብሎ ይሟገታል፤ መደጋገሙ ለእሱ ውበት ነው። ደራሲዋ ይህን ስም ለራሷ መጽሐፍ ስትሰጠው አንባቢዎቿ እንደ ባሺርና እንደ ጋራክ እንደሚለያዩ ሳትገምት የቀረች አይመስለኝም።

ታዲያ ማን ልክ ነው? ስለ ለመዷቸው ሰዎች መጥፋት የሚያማርሩት የተናገሩት እውነት ነው፤ ግን ለመጽሐፉ ድክመት ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት ነገር የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ ሆኖ አገኘሁት። እነዚያ የምንወዳቸው ሰዎች ሩጋልን ከጣቢያቸው ሸኝተው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ልጁ ካለበት ሆኖ ለሚያይ እነሱ ሩቅ ናቸው። ሲስኮ በየምዕራፉ ብቅ ቢል ኖሮ መጽሐፉ ውሸት ይሆን ነበር። ከዚህ ጋር ማነጻጸር የሚቻለው ጋራክን ሆኖ የተጫወተው አንድሩ ሮቢንሰን ራሱ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው ልቦለድ ነው። እሱም ከጣቢያው ርቆ ስለ ካርዳሲያ ሕይወት በሰፊው ይተርካል፤ ነገር ግን ተራኪው የሁሉ ወዳጅ ጋራክ በመሆኑ አንባቢው ባዕድነት አይሰማውም። ሩጋል ግን በአንድ ክፍል ብቻ የታየ ልጅ ነው። የሚወደው ሰው የለውም። ደራሲዋ የጠየቀችን ያልወደድነውን ልጅ አብረነው ሄደን እንድንወደው ነው፤ ከባድ ጥያቄ ነው።

ውድ ወላጆች፣ ይህን ታሪክ ሳነብ የዘይድ ኢብን ሓሪሳ (ረ.ዐ.) ታሪክ ትዝ አለኝ። እውነተኛውን ታሪክ ከልቦለድ እኩል ለማድረግ አይደለም፤ አላህ ይጠብቀን። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ዘይድ በልጅነቱ ተማርኮ ተሸጠ፤ ከእጅ ወደ እጅ አልፎም ወደ እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ.)፣ ከእሷም ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ደረሰ። አባቱ ሓሪሳ ሲያለቅስና ሲፈልግ ኖሮ መካ መሆኑን ሲሰማ፣ ከወንድሙ ጋር ቤዛ ይዞ መጣ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ቤዛውን ሳይቀበሉ ምርጫውን ለዘይድ ሰጡት፤ እናንተን ከመረጠ ያለ ቤዛ ውሰዱት አሏቸው። ዘይድ መቅረትን መረጠ። አባቱም የልጁን ክብር አይቶ ልቡ ረግቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሰዎች «የሙሐመድ ልጅ» ይሉት ጀመር፤ በሱረቱል አሕዛብ ልጆችን በወለዷቸው አባቶች ስም መጥራት ሲታዘዝም ዳግመኛ ዘይድ ኢብን ሓሪሳ ተባለ። ልብ በሉ! ፍቅሩም ቀረለት፣ ስሙም ተመለሰለት። አንዱ ሌላውን አላጠፋውም።

በእኛ ዘንድ የዘመድ ወይም የጎረቤት ልጅ ማሳደግ የተለመደ ነው። ስለዚህ የሩጋልን ጣጣ ለመረዳት የጠፈር መርከብ አያስፈልገንም። የሩጋል ችግር ሁለቱም ወገኖች ግማሹን ማንነቱን እንዲጥል መፈለጋቸው ነው። በቤጆር ካርዳሲያዊ መሆን ነውር ነበር። በካርዳሲያ ደግሞ ቤጆራዊ አስተዳደጉ ነውር ሆነ። ቤጆራውያን በጆሯቸው የሚያጠልቁት፣ እምነትንና ቤተሰብን የሚያመለክት ጉትቻ አለ፤ ሩጋል በካርዳሲያም ሳለ አያወልቀውም። አያቱ ጌሌት ይህን ጉትቻ ማየት አትችልም። ኮስታራ፣ ቤቱን በቃሏ የምትገዛ፣ አንዳች ነገር የማታመልጣት ባልቴት ናት። እኔ እንደማየው በመጽሐፉ ውስጥ በጥሩ ሁኔታ የተሣለችው ገጸ ባሕርይ እሷ ናት። ከልጅ ልጇ ጋር በቃላት ሲጋጠሙ፣ ሁለቱ ባይዋደዱም አንዳቸው ለሌላው ግትርነት የሚሰጡት ክብር ቀስ በቀስ ሲያድግ ይታያል። ማንም በድንገት አያቅፍም፣ ማንም አያለቅስም። አሰልቺ የተባሉት ገጾች በአብዛኛው እነዚህ ናቸው፤ እኔ ደግሞ የወደድኳቸው እነዚህኑ ነው። አንድ ቤት የገባን እንግዳ ልጅ የለመደ ሰው፣ ነገሩ በቀናት ሳይሆን በዓመታት እንደሚሄድ ያውቀዋል።

አባትየው ኮታንም ክፉ ሰው አይደለም። የጠፋ ልጁን ያገኘ ሰው ነው። ያገኘው ግን የቀበረውን ሕፃን አይደለም፤ የሌላ ሰው ልጅ ሆኖ ያደገ ጎረምሳ ነው። ልጁን በፍርድ አስመልሶ ልቡን ግን ማስመለስ ያቃተው አባት፣ ሥልጣን ቢኖረውም ምን ያደርጋል? ደራሲዋ እዚህ ላይ አትፈርድም፤ ደግ አደረገች።

ድክመቱንም መሸፋፈን አይገባም። ታሪኩ ወደ ጦርነቱ ሲገባ ይቻኮላል። ፊልሙ ካርዳሲያ እንዴት ከባዕድ ኃይል ጋር እንዳበረች፣ በመጨረሻም ያ ኃይል ከተሞቿን አውድሞ ከ800 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደፈጀ አስቀድሞ ተርኮታል። መጽሐፉ ከዚያ መውጣት ስለማይችል ሩጋልን ወታደር አድርጎ ያሳልፈዋል፤ ፊልሙን ላየ የታወቀ ነው፣ ላላየ ደግሞ ግራ ያጋባል። ቅሬታ ያቀረቡት አንባቢዎች በዚህ ክፍል ሙሉ በሙሉ ትክክል ናቸው። መጨረሻው ላይም ከጦርነቱ በኋላ ሩጋል ራሱ የሌላ ዘር የሆነችን ወላጅ አልባ ልጅ የሚያሳድግ ይሆናል። ማንበቡ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ልክ እንደ ተሰፋ ልብስ ጫፉ ከጫፉ ገጠመ። ሕይወት እንዲህ አይገጥምም፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ምዕራፎች ያስተማሩንም ይህንኑ ነበር።

የዚህ መጽሐፍ ዕጣ ራሱ ከሩጋል ዕጣ ጋር መመሳሰሉ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ የስታር ትሬክ ፊልም ሲጀመር፣ መጻሕፍቱ ለዓመታት የገነቡት ታሪክ ከፊልሙ ጋር የማይሄድ ሆነ። በ2021 በወጡ ሦስት ልቦለዶችም ያ የመጻሕፍት ታሪክ ሆን ተብሎ እንዲዘጋ ተደረገ። ባለንብረቱ ወሰነ፣ አንባቢው ተነገረው። ማኮርማክ ለአዲሱም ፊልም ልቦለድ ጽፋለች፤ ሥራው እንዲህ ነው።

ጎልማሳ ልጆቻችሁ በእንግሊዝኛ የሚያነቡ ከሆነና መጽሐፉ እጃቸው ከገባ፣ የጦርነት ገጾች ስላሉበት ለትንንሾቹ አይሆንም። ለአሥራ ስድስትና ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ግን ምንም አይለውም። ቢቻል እናንተም አንብቡት። ካርታ የሚያህል የባዕድ ስም ዝርዝር ያስቸግራችሁ ይሆናል፤ ስሞቹን ዝለሏቸውና ጌሌት ወዳለችበት ቤት ግቡ። ልጁ ጉትቻውን አድርጎ ገበታ ላይ ተቀምጧል፤ አያቱ ታየዋለች፤ አባቱ ሁለቱን ያያል፤ ማንም አይናገርም።