ስለ ባትሪ ቻርጀር አመራረጥ

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አገር ያለ ገበሬ ቡናውን ሸጦ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ቢገዛ፣ «12 ቮልት የሚል ቻርጀር ሁሉ ይስማማዋል» ማለት በእኛ አስተያየት ሊነቀፍ የሚገባው አባባል ነው። «12 ቮልት» የወል መጠሪያ እንጂ ትክክለኛ ልክ አይደለምና። የዚህ ባትሪ አራት ሴሎች ሲሞሉ እያንዳንዳቸው ከ3.65፣ በድምሩ ከ14.6 ቮልት ማለፍ የለባቸውም። ለእርሳስና አሲድ ባትሪ ከተሠሩት ቻርጀሮች አንዳንዶቹ ግን ሴሎቹን ለማስተካከል ሲሉ ከ15 ቮልት በላይ ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ የባትሪው መከላከያ መስመሩን ይቆርጣል፤ መከላከያው ደካማ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ይጎዳል። እርግጥ ነው፣ ቮልቱ የሚወሰንና ማስተካከያው የሚዘጋ ከሆነ አሮጌውም ቻርጀር ያገለግላል። ስለዚህ ገዢ ስሙን ትቶ ቮልቱንና አምፔሩን ይመርምር፤ ቁጥሩን ማንበብ ለማይችል ደግሞ ማስረዳት የሻጩ ግዴታ ነው።