ትሬይለሩ አብሮን ሳቀ፤ ፖስተሩ ግን ሳቀብን

በዛሬው የኪነ ጥበብ አምዳችን የምናየው መጽሐፍም ቴአትርም አይደለም። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪያችን የሠራውን የኮሜዲ ፊልም ትሬይለርና ለዚያው ፊልም ያዘጋጀውን ፖስተር ነው። ፊልሙ «ቢጫዋ ጀሪካን» ይባላል። ፊልሙ ራሱ ገና አልተቀረጸም፤ እስካሁን ያለው በተውሶ ስልክ የተቀረጸ የ1 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ትሬይለርና አራት ኤፎር ወረቀት ተቀጣጥሎ የተሠራ ፖስተር ነው። የልጁን ስም አንጠቅስም። ቅዳሜ ዕለት አዳራሽ የነበራችሁ ግን ሥራውን አይታችኋል፣ ስቃችኋልም። እኛም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠን ስቀናል።

ታዲያ ስቀን ስናበቃ ምን ልንተች ነው? ነገሩ ወዲህ ነው። ሰኞ ጠዋት ስንመጣ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የተለጠፈውን ፖስተር ተቀዶ አገኘነው። አንዳንድ መምህራን «ቀዳጁ ተፈልጎ ይቀጣ» አሉ። ጥቂቶቻችን ደግሞ «ከቅጣቱ በፊት እስቲ ፖስተሩን ደግመን እንየው» አልን። ደግመን ስናየው ቅዳሜ ያላየነውን አየን።

በትሬይለሩ እንጀምር። ሲጀምር ገና ጎህ አልቀደደም። ቦኖው ይታያል፤ ሰው የለም። ያለው የጀሪካን ሰልፍ ነው። በጀሪካኖቹ መሐል አንድ ነጠላ ጫማ፣ አንድ ድንጋይና እጀታው የተሰበረ ባልዲ ተራ ይዘው ቆመዋል። ከዚያ አንድ ድምፅ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ኮስተር ብሎ «ክቡራንና ክቡራት ተሰላፊዎች» ይላል። በዚህ ጊዜ አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ለሌላ ቦታ ሰው ይህን ማስረዳት ያስፈልግ ይሆናል። የካኩማ ሰው ግን ድንጋይ ተራ እንደሚይዝ ያውቃል፤ ድንጋዩን ከቦታው ያነሳ ሰው ምን እንደሚገጥመውም ያውቃል።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ጀሪካኑን አሰልፎ ተመልሶ የሚተኛ ሰነፍ ጎልማሳ ነው። ሲነቃ ጀሪካኑ የለም። ከዚያ በኋላ ቢጫ ጀሪካን የያዘ ሁሉ ሌባ ይመስለዋል። በሰፈሩ ደግሞ ጀሪካን ሁሉ ቢጫ ነው! ዞሮ ዞሮ አዲስ ከመጣች አንዲት ሴት ጋር ይጋጠማል። እሱ በአማርኛ ይጮኻል፤ እሷ በራሷ ቋንቋ ትመልስለታለች። ተሰላፊው ሊያስታርቅ ይገባል፤ አንዱ ማጂ፣ አንዱ ቢዮ፣ አንዱ ቢሻን፣ አንዱ ማይ፣ አንዱ ፒዩ ይላል። ሁሉም ውኃ ማለታቸው ነው፤ ቦኖው ግን እነሱ ሲጨቃጨቁ ተዘግቷል። በመጨረሻ ሴትየዋ ምንም ሳትናገር ጀሪካኗን ታዞረዋለች። እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሯል፤ የእሷ ምልክት ነው። «ያንተስ ምልክት?» ብለው ሁሉም ወደ ሰውየው ይዞራሉ። ሰውየው አፉን ይከፍታል፤ እዚያ ላይ ይቋረጣል።

ይህ ጥሩ ትሬይለር ነው። አንደኛ፣ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ማን ምን እንደሚፈልግና ምን እንደከለከለው አውቀናል። ሁለተኛ፣ ጀሪካኑ የት እንደገባ አልተነገረንም። ብዙ ጀማሪዎች ያላቸውን ቀልድ ሁሉ ትሬይለሩ ላይ ይጨርሱና ለፊልሙ የሚተርፍ ነገር ያጣሉ። ሦስተኛውና ዋናው፣ የሚሳቀው በሰውየው ስንፍናና ችኩልነት ነው። ከሁሉም ብልህ ሆና የምትወጣው አዲስ የመጣችው ሴት ናት። ይህን ሦስተኛውን ነጥብ ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

ለተማሪዎች አንድ ነገር እናክል። ትሬይለር ማለት ተጎታች፣ የጭነት መኪና ሹፌሮች ተሳቢ የሚሉት ዓይነት ነገር ነው። ድሮ የሚመጣው ፊልም ማስታወቂያ ዋናው ፊልም ካለቀ በኋላ ይታይ ስለነበር ነው ስሙን ያገኘው። ተመልካቹ ፊልሙ ሲያልቅ ተነስቶ ስለሚሄድ ማስታወቂያውን ወደ ፊት አመጡት፤ ስሙ ግን እንደነበረ ቀረ። ርዝመቱንም በተመለከተ የአሜሪካ ሲኒማ ቤት ባለቤቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ከ2 ደቂቃ እንዳይበልጥ ጠይቋል። ተማሪያችን ይህን አውቆም ሆነ ሳያውቅ ልኩን ጠብቋል።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ሙዚቃው ንግግሩን ውጦታል። የኪነማስተር ምልክት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማዕዘኑ ላይ ተቀምጧል፤ ይህ በነፃ የሚሠሩበት ሁሉ ዕዳ ስለሆነ አንፈርድበትም። አንድ ነገር ግን ይታረም፦ ሁለት ቦታ ላይ ከኢንተርኔት የተገኘ የተቀዳ ሳቅ ገብቷል። አዳራሹ ውስጥ ልብ ብለን ነበር፤ የተቀዳው ሳቅ በተሰማባቸው በእነዚያ ሁለት ቦታዎች ማንም አልሳቀም። ሰው «አሁን ሳቅ» ሲሉት አይስቅም።

አሁን ወደ ፖስተሩ እንምጣ። የፊልም ፖስተር ታሪክ ራሱ ከኮሜዲ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ሉዊ ሉሚዬር የተባለው ፈረንሳዊ አንድ ደቂቃ የማትሞላ ፊልም ሠራ። ስሟ «ላሮዘር አሮዜ» ነው፤ «ረጪው ተረጨ» እንደ ማለት። አንድ አትክልተኛ በጎማ ውኃ ያጠጣል። አንድ ልጅ ከኋላው መጥቶ ጎማውን ይረግጥበታል። ውኃው ሲቆምበት ሰውየው የጎማውን አፍ ወደ ፊቱ አስጠግቶ ሲያይ ልጁ እግሩን ያነሳል። የቀረውን ገምቱት። ማርሴለን ኦዞል የሚባል ሠዓሊ ለዚህች ፊልም የሠራው ፖስተር፣ ለአንድ ለታወቀ ፊልም ተብሎ የተዘጋጀ የመጀመሪያው ፖስተር እንደሆነ ይነገርለታል። በላዩ ላይ ሁለት ነገር ይታያል፦ በሸራው ላይ አትክልተኛው ሲረጭ፣ ከፊት ደግሞ ተመልካቾች ተቀምጠው ሲስቁ። እንግዲህ ፖስተሩ «ኑ፣ ከእነዚህ ጋር ተቀምጣችሁ ሳቁ» እያለ ይጠራል ማለት ነው። የኮሜዲ ፖስተር ጥሪ ነው። በበሩ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የተጠራ መስሎ ሊሰማው ይገባል።

የእኛ ፖስተር ማንን ጠራ? መሐል ላይ ዋናው ተዋናይ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ክንዱን አጣምሮ እንደ አክሽን ፊልም ጀግና ቆሟል። ከኋላው እሳትና ሄሊኮፕተር አለ። በትሬይለሩ ውስጥ እሳትም ሄሊኮፕተርም የለም፤ ሰውየውም ጀግና ሳይሆን እንቅልፋም ነው። ከላይ የተማሪያችን ስም አራት ጊዜ ተጽፏል፦ ደራሲ፣ ዳይሬክተር፣ ኤዲተር፣ ፕሮዲዩሰር። ስልክ ያዋሰው ጓደኛውም ሆነ የተወኑት ልጆች ስም የለም። ግማሹ የአማርኛ ጽሑፍ ሲታተም ሳጥን ሳጥን ሆኗል። ይህ ሁሉ ይስተካከላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሳንጨርስ የወጣን ሰዎች፣ በሲኒማ ቤቶች በር ላይ ከዚህ የባሱ ፖስተሮች አይተናል።

የማይታለፈው ከታች በስተቀኝ ያለው ነው። ጀሪካን የተሸከሙ አንዲት እናት ፎቶ አለ። አፋቸው በስልክ አፕሊኬሽን ተለጥጧል፤ ዓይናቸው እንዲፈጥ ተደርጓል። ከሥራቸው በቀይ እንዲህ ተጽፏል፦ «አዲስ መጤ ናት፤ ምንም አታውቅም!»

እኚህ እናት በትሬይለሩ ውስጥ የተወነችው ልጅ አይደሉም። ያቺ ልጅ ፖስተር ላይ መውጣት አልፈልግም ብላለች፤ መብቷ ነው። ተማሪያችን ታዲያ ምን አደረገ? ቦኖው ጋ ሄዶ ከሰልፉ ላይ ሌላ ሴት ፎቶ አነሳ። እምቢ ማለት የቻለችው ተተወች፤ ሳይጠየቁ የተነሱት እናት ግን በር ላይ ተለጠፉ። ከየት እንደመጡ አንጽፍም። ልጆቻቸው ግን በዚህ ትምህርት ቤት ይማራሉ።

ጠርተን አናገርነው። «ቲቸር፣ ሰው እንዲስቅ ብዬ ነው እኮ» አለ። «አስፈቅደሃቸዋል?» አልነው። «ቋንቋቸውን አልችልም፤ እንዴት ብዬ?» አለ። ይህን ያለው ደግሞ በስድስት ቋንቋ ስለ ውኃ የሚጨቃጨቁ ሰዎች በአንድ ቀይ ክር ሲግባቡ ያሳየን ልጅ ነው! የትሬይለሩ ደራሲ የፖስተሩን ሠሪ ቢያስተምረው እንዴት ጥሩ ነበር።

ጥርስ ባዳ ነው ይባላል። ውስጣችን እያዘነም ይስቃል። በካምፕ ውስጥ ቀልድ ባይኖር ስንቶቻችን እስከ ዛሬ በቆየን? ስለዚህ «አትቀልዱ» የሚል ትችት ከእኛ አትጠብቁ። ጥያቄው ቀልዱ ወደ ማን ያነጣጥራል ነው። አለቃ ገብረ ሃና ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሳው በመኳንንቱ ፊት በተናገሩት ቀልድ ነው። ሰልፍ ላይ የቆመችን፣ አገሩን ያልለመደችን ሴት ለመሳለቅ ግን ምንም ድፍረት አይጠይቅም።

ስደተኛን እያሳዩ ማሳቅ አይቻልም የሚል ካለ ደግሞ ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1917 የሠራውን «ዘ ኢሚግራንት» ይመልከት። መርከብ ላይ ነው። ቻፕሊን ጀርባውን ሰጥቶን በመርከቡ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ እግሩ ይወራጫል። ባሕሩ አሞት የሚያስመልሰው ይመስለናል። ዞር ሲል ግን ዓሣ እያጠመደ ኖሯል! የሳቅነው በእሱ አይደለም፤ ችግረኛን ስናይ ወዲያው ባሰብነው በራሳችን ሐሳብ ነው። ትንሽ ቆይቶ መንገደኞቹ የኒው ዮርክን የነፃነት ሐውልት አሻግረው ሲያዩ፣ ሠራተኞች መጥተው በገመድ ወደ ኋላ ይገፏቸዋል። ያ ፊልም ያስቃል፤ አንዱም ስደተኛ ግን «ምንም አያውቅም» አልተባለም። የተማሪያችን ቀይ ክር ከዚህ ዓይነት ቀልድ ወገን ነው። ፖስተሩ ግን ከዚያ ወገን አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ስደተኞች ፎቶ መነሳት እናውቃለን። ሰው መጥቶ ያነሳናል፤ ፎቶው የት እንደሚለጠፍ፣ ከሥሩ ምን እንደሚጻፍ አንጠየቅም። አንዳንዱ ፊቱ እንዳይታወቅ የሚፈልግበት የራሱ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ለማንም የማስረዳት ግዴታ የለበትም። ይህን በደል አምርረን ስናወራ ኖረን፣ የራሳችን ልጅ በራሳችን ሰፈር ሰው ላይ ሲያደርገው ዝም ካልን አፋችን ምን ይላል?

ዝም ያልነው ደግሞ ልጁ ብቻ ሳይሆን እኛ ነን። ፖስተሩ የታተመው መምህራን አዋጥተን በሰጠነው ገንዘብ ነው። ቅዳሜ ፊት ወንበር ላይ ሆነን በዚያ በተለጠጠ አፍ ስቀናል። ለዚህ ዕትም የፊት ገጽ ልናደርገው አስበንም ነበር፤ ትተነዋል። ማን እንደቀደደው አሁን እናውቃለን፤ አንጽፈውም፤ ቅጣትም አይኖርም። የተቀደደው ሙሉ ፖስተሩ አይደለም። የፊልሙ ስም አልተነካም፤ ጀግናውም ከነመነጽሩ አለ። የተነሳው የእናትየው ፊትና ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ከእኛ በፊት ትችቱን የጻፈው ያ እጅ ነው፤ ከእኛም በአጭሩ ጽፎታል።

ለተማሪያችን ያለን ምክር ይኸው። እናትየውን ቋንቋቸውን የሚችል ሰው ይዘህ ሄደህ ይቅርታ ጠይቃቸው፤ አብረንህ እንሄዳለን። ፎቶውን ከስልክህና ከላክህላቸው ጓደኞችህ ስልክ አስጠፋ። ከዚያ ፖስተሩን እንደገና ሥራ። ሥዕሉን ሩቅ አትፈልገው፤ ትሬይለርህ ላይ መጀመሪያ የታየው ነው፦ ጫማው፣ ድንጋዩ፣ ባልዲው፣ ጀሪካኑ። አንድ ሥዕል፣ አንድ ርዕስ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። «ድንጋዩ ተራ ይዟል፤ ባለቤቱ የት ነው?» ብትል የካኩማ ሰው ሁሉ ቆሞ ያነበዋል። ስምህን አንድ ጊዜ ጻፍ፤ ፈቃደኛ የሆኑትን የሌሎቹንም ጻፍ። አማርኛው ሳጥን እንዳይሆን ጽሑፉን ወደ ሥዕል ቀይረህ አሳትመው።

በመጨረሻ ፖስተሩ ግርጌ ላይ «በቅርብ ቀን» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ቃል እኛ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ በቅርብ ቀን፣ መልሱ በቅርብ ቀን፣ ጉዞው በቅርብ ቀን። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ፊልምኤይድ በካኩማ ማታ ማታ በትልቅ ሸራ ፊልም ሲያሳይ መሬት ላይ ተቀምጠን ያየን ሰዎች፣ የራሳችንን ሰልፍ በሸራ ላይ ለማየት ብዙ ጠብቀናል። ስለዚህ አደራ፣ ቀኑን ቁርጥ አድርገህ ጻፍ፤ ፊልሙንም ሠርተህ ጨርስ። የቀረጻ ስልክና የአዳራሽ ፈቃድ ለመጠየቅ እኛ አለን። ሲታይም እኚያ እናት ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡ። የዚያን ቀን እሳቸው ከሳቁ ፊልሙ ተሳክቷል።

አስተያየታችሁን እንደ ወትሮው በመምህራን ክፍል በር ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ጣሉልን። ቸር ይግጠመን።