«ላቭለስ»፦ ከጩኸቱ ሥር ያለው እጅ

ስለ «ላቭለስ» ሲወራ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚነሳው ገንዘቡ ነው። ማይ ብለዲ ቫለንታይን፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ደብሊን ውስጥ ተመሥርቶ ኋላ ለንደን የከተመው የሮክ ባንድ፣ ይህን አልበም ቀድቶ ለመጨረስ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ በ19 ስቱዲዮዎችም ተንከራቷል። አሳታሚውን ክሪኤሽን ሬከርድስን ሩብ ሚሊዮን ፓውንድ አስወጥቶ ኪሳራ አፋፍ ላይ አደረሰው ይባላል። የባንዱ መሪ ኬቨን ሺልድስ ደግሞ ቁጥሩ ተጋኗል ባይ ነው። ክሪኤሽን ያኔ አለን ማጊ የሚመራው፣ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ውጭ ራሱን ችሎ የቆመ ድርጅት ስለነበር የተጋነነው ቢቀነስለት እንኳ ሸክሙ ቀላል አይሆንም። ወሬው ይጥማል፤ ችግሩ ከሥራው ላይ ዓይናችንን ማንሳቱ ነው።

ሌላው ወሬ ስለ ጩኸቱ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1991 የወጣውን ይህን አልበም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው በመቶ የሚቆጠር ጊታር በላይ በላዩ የተደራረበ ይመስለዋል። ሺልድስ ደጋግሞ የተናገረው ተቃራኒውን ነው። በአብዛኞቹ ዘፈኖች ውስጥ ያለው የጊታር ቅጂ በጣም ጥቂት ነው፤ ብዙ ባንዶች ለሙከራ ብለው ከሚቀዱት እንኳ ያንሳል። አልበሙን የማደንቀው በዚህ ነው። ገንዘብና ጊዜ ያለው ሁሉ ድምፅ በድምፅ ላይ እየጫነ ጆሮ መሙላት ይችላል። ጥቂቱን ጊታር ይዞ ያንን ያህል ስፋት ማውጣት ግን ባለሙያ ይጠይቃል።

የሺልድስ እጅ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሺልድስ የሚወዳቸው ፌንደር ጃዝማስተርና ጃጓር ጊታሮች፣ ከድልድያቸው አጠገብ አንዲት ቀጭን የብረት ዘንግ አለቻቸው። ዘንጓ ስትጫን ክሮቹ ይላላሉ፣ ድምፁም ይወርዳል፤ ስትለቀቅ ወደ ቅኝቱ ይመለሳል። ሌላው ጊታሪስት አንድ ድምፅ ከመታ በኋላ ለጌጥ ያህል ነካ አድርጎ ይተዋታል። ሺልድስ አይተዋትም። ዘንጓን በመዳፉ እንደያዘ ክሮቹን ይመታል፤ እጁ ሲወርድ አብራ ትወርዳለች፣ ሲወጣ አብራ ትወጣለች። የክሮቹ ውፍረት አንድ ስላልሆነ ሁሉም እኩል አይወርዱም። ስለዚህ ኮርዱ በእያንዳንዱ ምት ከቅኝቱ ጥቂት ይወጣና ይመለሳል፤ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አይመጣም።

ይህን ውዝዋዜ የሚያስመስሉ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኖች ያኔም ገበያ ላይ ሞልተው ነበር። የሳጥን ውዝዋዜ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ነው። የእጅ ውዝዋዜ ከዘፈኑ ምት ጋር ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይሰንፋል። በማሲንቆ ያደገ ጆሮ ይህን ለመልመድ ጊዜ አይፈጅበትም ብዬ እገምታለሁ፤ ድምፅ በጣት ሥር እየተንሸራተተ ሲያወራ መስማት ለእሱ አዲስ ነገር አይደለም።

በርግጥ ሺልድስ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ጨርሶ አልነካም ማለቴ አይደለም። ያማሃ ኤስፒኤክስ 90 በተባለ ማሽን ጊታሩን የተገለበጠ ማሚቶ ውስጥ ያሳልፈዋል። ማሚቶ በተፈጥሮው ጎልቶ ጀምሮ እየሳሳ ይጠፋል፤ የተገለበጠው ደግሞ ከስሱ ተነስቶ እያበጠ ይመጣና በድንገት ይቆረጣል። ይህ የምቱን ስለት ይበላዋል። መምቻው ክሩን የነካበት ቅጽበት ይደበዝዝና ጊታሩ ተመታ ሳይሆን ተነፈሰ ያሰኛል። «ቱ ሂር ኖውስ ዌን» ላይ ይህ ነገር እጅግ ርቆ ስለተሄደበት ዘፈኑ የሚጨበጥ ጠርዝ የለውም። ሸክላው ተበላሽቶ ይሆን ብሎ የሚጠራጠር አድማጭ ቢኖር አልፈርድበትም።

አልበሙን የሚከፍተው «ኦንሊ ሻሎው» ለብቻው ጊዜ ይፈልጋል። አራት የድራም ምት፣ ከዚያ ጩኸቱ። ሺልድስ እንደገለጸው የዚያ ጩኸት አሠራር አናጢ ቤት ውስጥ እንኳ ሊነገር የሚችል ነው፦ ሁለት አምፕሊፋየሮች ፊት ለፊት ተያይተው ይቀመጣሉ። ሁለቱም ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያርገበግቡታል፤ የአንዱ ፍጥነት ግን ከሌላው የተለየ ነው። በመካከላቸው አንድ ማይክ ይቆማል። የተቀዳው ድምፅ ይገለበጥና ከኋላ ወደ ፊት እየተጫወተ ወደ ሳምፕለር፣ የተቀዳ ድምፅ ይዞ መልሶ ወደሚያጫውት ማሽን፣ ይገባል፤ በመጨረሻም እርስ በርሱ ይደራረባል። ሁለቱ አምፕሊፋየሮች ምታቸው ስለማይገጥም አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጣላሉ። በጆሮ ማዳመጫ የሰማ ሰው ያ ድምፅ እየጮኸ እንኳ አንድ ቦታ እንደማይረጋ ያስተውላል።

ድምፃውያኑ ዘንድ የምናገኘው ጥንቃቄ ከዚህ አያንስም። የባንዱ ድምፃዊት ቢሊንዳ ቡቸር ብዙ ጊዜ የምትዘፍነው ንጋት ላይ፣ ገና እንቅልፍ ሲወስዳት ተቀስቅሳ እንደነበር ተናግራለች፤ የድምጿ ስንፍና ትወና አይደለም። እሷና ሺልድስ ሲቀዱ በስቱዲዮው መስኮት ላይ መጋረጃ ይጋረድ ስለነበር መሐንዲሶቹ አያዩአቸውም። «ዌን ዩ ስሊፕ» ላይ ወንድና ሴት አብረው ሲዘፍኑ የምንሰማ ይመስለናል፤ ሁለቱም ሺልድስ ነው። 12 ወይም 13 ጊዜ ያህል ዘፍኖ አንዱም አላረካው ሲል፣ የቴፑን ፍጥነት እያለዋወጠ የቀዳቸውን ሁሉንም በአንድ ላይ አጫወታቸው። ይህን ያህል ቅጂ ሲደራረብ ቃላቱ ፍጹም አይገጥሙም፤ ተነባቢዎቹ እርስ በርሳቸው ይሸረፋሉ፣ አናባቢዎቹ ብቻ ረዝመው ይቀራሉ። ግጥሙ የማይሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙዎች እንደ ጉድለት ያዩታል። ለእኔ ግን የአልበሙ ትልቁ ብልሃት ድምፅን ከጊታሩ ፊት ሳይሆን ውስጡ ማስቀመጡ ነው፤ ዜማው ቀላል ስለሆነ ቃል ባይሰማም አይጠፋም። ጩኸቱን ገፎ ለጣለ ሰው ከሥሩ የሚያገኘው ጥሩ የፖፕ ዘፈን ነው።

ድራሙን እንደዚህ አላሞግሰውም። ድራመሩ ኮለም ኦ ኪሶግ በቀረጻው ወቅት ታሞ ስለነበር በአብዛኞቹ ዘፈኖች የምንሰማው እሱ ተጫውቶት ከተቀዳ በኋላ በሳምፕለር ተቆራርጦ የተገጣጠመውን ነው። ሺልድስ ውጤቱ ኮለም ራሱ ከሚጫወተው አይለይም ይላል። እኔ አንዳንድ ቦታ ግትርነቱ ይሰማኛል፤ ጊታሩ ይወዛወዛል፣ ድራሙ አይከተለውም። በመዝጊያው «ሱን» ብቻ ግትርነቱ ራሱ ያስፈልጋል፤ ለዳንስ የሚሆን ምት ነውና። የኦ ኪሶግ አሻራ ጎልቶ የሚሰማው ራሱ በሠራው፣ አንድ ደቂቃ እንኳ በማይሞላው «ተችድ» ላይ ነው።

ከአሥራ አንዱ ዘፈኖች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ስምንተኛውን «ሰምታይምስ»ን እመርጣለሁ። ድራም የለውም ለማለት ይቻላል። አንድ ሻካራ ጊታር ሳያቋርጥ ይመታል፣ የሺልድስ ድምፅ ከሥሩ በለሆሳስ ይዘፍናል፤ ቆይቶ አንዲት ቀጭን ዜማ ከላይ ትገባለች። ሌላ ብዙ ነገር የለም። ሶፊያ ኮፖላ እ.ኤ.አ. በ2003 ቶኪዮ ላይ ለሠራችው ፊልም ይህን መምረጧ ያለ ነገር አይደለም። ዘፈኑ ውስጥ ምን እንዳልተጨመረ የሚቆጥር ሰው ሺልድስ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ሲሠራ እንደነበር ይገባዋል።

ሥራው አልቆ እንኳ አላለቀም። ዘፈኖቹን የገጣጠሙት ቀድሞ የፊልም ንግግር ለመቁረጥ ያገለግል በነበረ አሮጌ ማሽን ሲሆን የማሽኑ ኮምፒውተር የአልበሙን ድምፅ በሙሉ አዛነፈው። ሺልድስ ከትዝታው መልሶ አስተካከለው፤ በተለመደው አንድ ቀን የሚፈጀው ማስተሪንግም (ከኅትመት በፊት ያለው የመጨረሻ ማስተካከያ) 13 ቀን ወሰደ። አልበሙ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 24ኛ ደረጃ ላይ ወጣ፤ ከወጪው አንጻር የሚያኮራ ቁጥር አይደለም። ክሪኤሽን ባንዱን አሰናበተ። ተከታዩን አልበም ባንዱ ራሱ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ነው፤ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

አዲስ አድማጭ ብትሆኑ በስልክ ድምፅ ማጉያ አትሞክሩት፤ ፉጨት ብቻ ትሰማላችሁ። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ወይም ትልቅ ስፒከር ይፈልጋል። ከመጀመሪያው ዘፈንም አትነሱ። አምስተኛው፣ «ዌን ዩ ስሊፕ»፣ ከሁሉም ይልቅ በዜማው ይቀርባል፤ በእሱ ጀምራችሁ ወደ «ኦንሊ ሻሎው» ተመለሱ።