ያልተነበበው ኮቴ፦ ስለ ታላቁ ሜዳ የመዝገብ ሥዕሎች

የአሜሪካ የምዕራብ መስፋፋት ሲተረክ “ነባሩ ሕዝብ ራሱ ምን ሣለ?” የሚል ጥያቄ ከተነሣ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ሥዕል ነው፤ የካዮዋ ሕዝብ ተወላጅ የሆነው ዎሃው እ.ኤ.አ. በ1877 በእስር ላይ ሳለ የሠራው። አንድ ሰው መሀል ላይ ቆሟል። በአንድ ጎኑ ጎሽ፣ በሌላው የቤት ከብት አለ፤ አንድ እግሩ ወደ ታረሰ ማሳ ተራምዷል። ከላይ ፀሐይና ጨረቃ ይታያሉ። ሁለት ዓለም፣ አንድ ምስኪን። ሥዕሉ መጥፎ አይደለም፤ ውዳሴው ግን ከልክ አልፏል። የተወደደው ቀድመን የምናውቀውን ሐዘን ሳያደክም ስለሚያስነብበን ነው። እሱ ሲወደድም የመዝገብ ሥዕል የተባለው ጥበብ በሙሉ ሙሾ ተደርጎ ተቆጠረ።

የታላቁ ሜዳ (የመካከለኛው ሰሜን አሜሪካ ሣራማ ምድር) ተዋጊዎች ጀብዷቸውን በጎሽ ቆዳ ላይ ይሥሉ እንደነበር የታወቀ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከነጋዴና ከወታደር እጅ የሒሳብ መዝገብ፣ እርሳስና ቀለም ሲያገኙ ሥዕሉ ወደ ወረቀት ተሻገረ፤ ጎሹ ሲያልቅ ደግሞ ወረቀቱ ብቻ ቀረ። አብዛኛው ዳሰሳ ግን ታሪኩን የሚጀምረው ከፍሎሪዳው የፎርት ማሪየን ምሽግ ነው። የአሜሪካ ጦር ከደቡብ ሜዳ ሕዝቦች ጋር ካደረገው የሬድ ሪቨር ጦርነት በኋላ፣ በ1875፣ ከሻየን፣ ከካዮዋ፣ ከአራፓሆና ከኮማንቺ ሕዝቦች የተውጣጡ 72 ያህል እስረኞች በሰንሰለት ታስረው ወደዚያ ተወሰዱ። ጠባቂያቸው መቶ አለቃ ሪቻርድ ሄንሪ ፕራት ወረቀትና ቀለም አቀረበላቸው፤ አገር ጎብኚዎችም አንዱን ደብተር በ2 ዶላር ገደማ ይገዙ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ጥበቡ ከፕራት ቸርነት የተወለደ ይመስል ተጻፈ። በሐምሌ 1869 የአሜሪካ ጦር ኮሎራዶ ውስጥ ሰሚት ስፕሪንግስ ላይ የሻየኖችን ሰፈር ሲያጠቃ በምርኮ ያገኘው መዝገብ ግን የተዋጊዎች ሥዕል ሞልቶበት ነበር። ደንቡም አሠራሩም ያኔውኑ በስሏል። እርሳስ አቀባዩ ፕራት ደግሞ እስረኞቹ በተፈቱ ማግስት፣ በ1879፣ ልጆችን ከወላጅ ነጥሎ ፀጉራቸውን የሚቆርጠውን፣ ቋንቋቸውንም የሚከለክለውን የካርላይል ትምህርት ቤት የከፈተው ሰው ነው። ለእሱ የተጻፈው ምስጋና ይብቃው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ኮቴው ነው። በእነዚህ ገጾች ላይ ሰማይና ምድርን የሚለይ መስመር እምብዛም የለም፤ ጥላም ርቀትም የለም፤ በዚህም ምክንያት ብዙዎች እንደ ልጅ ሥራ ቆጠሯቸው። በወረቀቱ ላይ የተበተኑ የሚመስሉት ትንንሽ ቅስት ምልክቶች ግን የፈረስ ዱካ ናቸው። ዱካውን የተከተለ ዓይን ጋላቢው ከየት እንደ መጣና የት ላይ እንደ ዞረ ያገኛል። የፈረሱ ኮቴ በሰው እግር አሻራ ሲተካ ተዋጊው ወርዶ በእግሩ ገብቷል። ጭረቶቹ ጥይት ናቸው። ያለ ባለቤት የተደረደሩ ጠመንጃዎች ሠዓሊው ሊሥላቸው ያልፈለጋቸውን ብዙ ተኳሾች ይወክላሉ። ከራስ በላይ በቀጭን መስመር የተያያዘው ምስል ስም ነው። መምጣቱ፣ መግባቱና መመለሱ ባንድ ገጽ ላይ በቅደም ተከተል ይነበባሉ። የዚያው ዘመን የአሜሪካ ጋዜጦች የጦር ሠዓሊዎች ጭሱንና የሚወድቀውን ፈረስ አሳምረው ቢሥሉም የያዙት ቅጽበትን ብቻ ነው። በዚያ ላይ ጀብዱ በሕዝብ ፊት የሚነገርና ምስክር የሚቆምለት ነገር ስለነበር፣ የዋሸ ሠዓሊ የሚያፍረው በወገኖቹ መካከል ነው። ታዲያ ይህ ታሪክ ጽሕፈት ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ከፎርት ማሪየን ሠዓሊዎች ምርጫዬ የሻየኑ ሀውሊንግ ዎልፍ ነው። በ1867 ካንሳስ ውስጥ የተፈረመውን፣ የደቡብ ሜዳ ሕዝቦችን በተከለለ መሬት የወሰነውን የሜዲስን ሎጅ ውል ሥሏል። ያንኑ ጉባኤ ለፍራንክ ሌስሊ ጋዜጣ የሣለው ነጭ ሠዓሊ ወንዶችን ብቻ አሳይቷል። ሀውሊንግ ዎልፍ ግን ሴቶቹን አመጣቸው፤ ብዙዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ፀጉራቸው የተከፈለበት መስመር ቀለም ተቀብቶ ተቀምጠዋል። ጉባኤውን ከኋላቸው ሆነን እናያለን። መሬት በሚቆረስበት ቀን እነማን እንደነበሩ ይህን ያህል ለይቶ የነገረኝ የመንግሥት ሰነድ አላነበብኩም። እውነቱን ለመናገር፣ የዎሃውን ሥዕል አሥር ቅጂ ለዚህ አንድ ገጽ እለውጣለሁ።

ትልቁ ጥፋት ግን የሐያስያን አይደለም። ነጋዴዎች መዝገቦቹን ገንጥለው ገጽ በገጽ ሸጠዋል፤ ገዝተው በፍሬም የሰቀሉም አልጠፉም። በአንድ መዝገብ ውስጥ የአንድ ሰው ጀብዱ በተከታታይ ገጾች ሊወርድ ይችላል፤ ከአንድ በላይ እጆችም ሊገቡበት ይችላሉ። ገጹ ከጓደኞቹ ሲለይ ኮቴው የሚመጣበትም የሚሄድበትም ይጠፋል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የሚገኘው የመዝገብ ሥዕሎች ፕሮጀክት መዝገቦቹን ከዳር እስከ ዳር በዲጂታል መልክ ማቅረቡ ትልቅ ውለታ ነው። ሙዚየሞችም ነጠላ ገጽ መግዛት ያቁሙ፤ ያላቸውንም ከመሰል ገጾቹ ጋር በቅደም ተከተሉ ያሳዩ።