ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ደርቡ መኖሪያ፤ ስለ ፒያሳ ጎዳና ቤቶች

ከሳንሱሲ ተነሥቶ የአምቦን መንገድ ይዞ፣ በአስኮና በዊንጌት አልፎ ወደ አራዳ የሚዘልቅ መንገደኛ የአዲስ አበባን ዕድሜ ወደ ኋላ እየቆጠረ ይጓዛል። ዳር ያሉት ፎቆች የትናንት ናቸው። ፒያሳ ሲደርስ ሊያገኝ የሚገባው የእንጨት ሰገነት ግን በብዙ ስፍራ የለም፤ በ2016 ዓ.ም. የተካሄደው ማፍረስ ከጎዳናው ዳርና ከጀርባው ሰፈሮች፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ ብዙውን አንሥቶታል።

ስለ እነዚህ ቤቶች የሚሰጠው ሂስ አብዛኛውን ጊዜ በጌጣቸው ላይ ይቆማል። የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ሙያተኞች ከአገሬው ባለእጅ ጋር የጠረቡት እንጨት ይወደሳል። ውዳሴው ተገቢ ቢሆንም ዋናውን ነገር ይስታል። የቤቶቹ ኪነ ሕንፃ በሥራና በኑሮ መገናኘት ላይ የቆመ ነበር፤ በድንጋይ የተገነባው ምድር ቤት ሱቅ ሲሆን፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራው ደርብ የባለሱቁ ቤተሰብ መኖሪያ ነበር። በረንዳው ለገበያተኛው ከዝናብ መጠለያ፣ ሰገነቱ ለቤተሰቡ ጎዳናውን መመልከቻ ሆኖ ያገለግል ነበር።

ፋሺስት ኢጣሊያ በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የአራዳን ገበያ ወደ መርካቶ አዛውሮ ፒያሳን ለአውሮፓውያን ሲከልል ይህ ትስስር ክፉኛ ተናጋ። ከነፃነት በኋላ ወርቅ ሠሪው፣ ልብስ ሰፊውና ኬክ ቤቱ ጎዳናውን መልሰው ሞሉት።

ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ግን የጥገናው ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ የኪራይን ጫና አቃልሏል፤ ይህን መካድ ፍትሕ አይሆንም። ሆኖም ኪራዩ ዝቅ ሲል አሸንዳ የሚቀይረው ማን እንደሆነ ሳይለይ ቀረ። የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ውሃ አይችልም፤ አሸንዳ ሲቀደድ ልስኑ ይረግፋል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ሰገነቱም ያዘነብላል። አንድ ቤተሰብ የነበረበት ደርብ በጣውላ ተከፋፍሎ ለብዙ አባወራ ሲሰጥ ጉዳቱ ተፋጠነ። እንግዲህ በ2016 ዓ.ም. «ያረጁ» የተባሉት ቤቶች ከዕድሜ ይልቅ በቸልታ የተጎዱ ነበሩ። እርጅና ብቻውን ለማፍረስ ምክንያት ከሆነማ እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል አስቀድሞ በጠፋ ነበር። ያ ቤት በ2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ከደረሰበት በኋላ ተጠግኖ፣ በዚያው በጥንት ሥራው፣ እንግዳ ተቀብሎ አሳድሯል።