ክር የሚቆጥሩ ጣቶች

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ ከፍ ብሎ ሽሮ ሜዳ ይገኛል። መንገድ ዳር የተሰቀለውን ቀሚስና ነጠላ ሁሉም ያየዋል። እኔን የሚያስደምመኝ ግን ከሱቆቹ ጀርባ ያለው ሥራ ነው። እዚያ፣ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ሰደው ጥለት ይጥላሉ።

ሥራውን ጠጋ ብሎ ማየት ያሻል። ሸማኔው በእግሩ ረግጦ ድሩን ይከፍታል፤ መወርወሪያው ነጩን ማግ ይዞ ከዳር እስከ ዳር ያልፋል። ጥለቱ ጋ ሲደርስ እጁ ይዘገያል። የድሩን ክሮች እየቆጠረ፣ የሚፈልጋቸውን ለይቶ ያነሣል፤ ከሥራቸው ባለቀለሙን ክር ያሾልካል፤ ቅርጹ የሚያበቃበት ክር ላይ ሲደርስ አጥፎ ይመልሰዋል። ቀጥሎ የሚገባው ነጭ ማግ ተመትቶ ሲጠጋ ቀለሙን ቆልፎ ያስቀረዋል። የመስቀሉ ክንድ እንዲህ መስመር በመስመር ያድጋል። ጥሩ እጅ ለመለየት እኔ ጨርቁን ገልብጬ አያለሁ፤ በጀርባው ከቅርጽ ወደ ቅርጽ የተንዘላዘለ ክር ካነሰ ሸማኔው አልቸኮለም ማለት ነው።

በሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ላይ የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠሩ መሐንዲሶችም ሥራቸው ጥለት መጣል ነው። አንዱ መንገዳቸው የፕላስቲክ ፊልሙን በሙሉ በመዳብ ለብጦ፣ የሚፈለገውን በብርሃን በሚጠነክር ሽፋን ከልሎ፣ የቀረውን በኬሚካል ማንሣት ነው። በመቀነስ የሚገኝ ቅርጽ ነው፤ በዚያው በእንጦጦ ተራራ ምሥራቃዊ ወገን፣ የካ ላይ ከአለት የተፈለፈለው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያንም የተገኘው በመቀነስ ነው። ሌላው መንገድ የብር ብናኝ ያለበትን ቀለም በወንፊት መሰል ጨርቅ አሳልፎ በሚፈለገው ቦታ ብቻ ማተም ነው። የሽሮ ሜዳ ጥለት የዚህኛው ወገን ነው፤ ክሩ የሚገባው ቅርጹ ባለበት ብቻ ነው።

መሐንዲሱንም ሸማኔውንም የሚፈትነው የመደቡ አለመርጋት ነው። ፖሊስተር ፊልም በጣም ሲሞቅ ይኮማተራል፣ ሲሳብ ይለጠጣል፤ ሁለተኛው ሽፋን ከመጀመሪያው ጋር አልገጥም ይላል። ስለዚህ ፊልሙ ላይ ምልክት ያትማሉ፤ ካሜራ ምልክቱን እያነበበ የሚቀጥለውን ሽፋን ያስተካክላል። ሸማኔው ግን ቅርጹን በስንዝር ወይም በሴንቲ ሜትር አይለካም፤ በክር ቆጠራ ነው የሚያኖረው። ሸማው ቢሳብም ቢሰበሰብም ጥለቱ አብሮት ይሄዳል፣ ምክንያቱም መለኪያው ራሱ ድሩ ነው። ከዚህ ሥራ ሁሉ እኔ እጅግ የማደንቀው ይህን ነው።

የሚያብለጨልጨው ክር ደግሞ ሁለቱን ሙያዎች ይበልጥ ያገናኛል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ወርቃማ ክር በአብዛኛው አሉሚኒየም በስሱ የተለበጠበት፣ ቀለም የተቀባና በቀጭኑ የተሰነጠቀ የፖሊስተር ፊልም ነው። ጠባዩ ግን ከጥጥ ይለያል፦ ሸማው ሲታጠብ ጥጡ ይሰበሰባል፣ ፊልሙ አይሰበሰብም፤ የሸማው ጠርዝም ሞገድ ይሠራል። የመሐንዲሶቹ ተጣጣፊ ሰሌዳም ሲሞቅ የሚጠቀለለው ብረቱና ፕላስቲኩ እኩል ስለማይለጠጡ ነው። ሸማኔው ይህን የሚቆጣጠረው በጣቱ ብቻ ነው፤ ክሩን ካጠበቀው ሸማው ይጨማደዳል፣ ካላላው ቀለበት ሠርቶ ይቀራል። አንድን ሸማኔ ለማመስገን ስፈልግ አዲሱን ነጠላውን ሳይሆን ደጋግሞ የታጠበውን ማየት እመርጣለሁ።