የጤና ልማድ ትምህርት በቤትና በመማሪያ ክፍል፦ ሒሳዊ ምልከታ

ሕፃናት ጤናቸውን የሚጠብቁበትን የዕለት ተዕለት ልማድ ይዘው እንዲያድጉ ማድረግ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ዓላማዎች አንዱ እንደ መሆኑ መጠን፣ በዓላማው ላይ ክርክር የሚያነሣ የለም። ሊመረመር የሚገባው ዓላማው በሥራ ላይ የሚውልበት መንገድ ነው። አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እጅ መታጠብ የሚያስፈልገው መቼ እንደ ሆነ በፈተና ቢጠየቅ፣ ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ ቤት መልስ መሆኑን ጽፎ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ያው ተማሪ በዕረፍት ሰዓት እጁን ሳይታጠብ ቆሎውን ሲቆረጥም ቢታይ ግን፣ ፈተናው የለካው ቃሉን እንጂ ልማዱን አለመሆኑ ግልጽ ይሆናል።

ልዩነቱ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ጥናት፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 40 በመቶ ያህሉ በትራኮማ ተይዘው እንደ ነበር አሳይቷል። በሽታው ከዓይንና ከአፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ አማካይነት፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይኑ ቆብ ከውስጥ ይጠባሳል፤ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ታጥፎ የዓይኑን ብሌን እየፋቀ ለዕውርነት ሊያበቃው ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት በሽታውን ለማጥፋት ከሚመክራቸው አራት ተግባራት አንዱ የፊት ንጽሕና ነው። ይህ ደግሞ በየቀኑ ካልተደጋገመ የሚፈይደው ነገር አይኖርም።

በብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን ክፍተት ለመሙላት የተለመደው ዘዴ የጠዋት ፍተሻ ነው። ተማሪዎች በተሰለፉበት መምህሩ እየተዘዋወረ ፊትን፣ ጥፍርንና ፀጉርን ይመለከታል። ዘዴው አንድ ብርቱ ጎን አለው፤ ሰዓቱና ቦታው የተወሰነ በመሆኑ ልጆቹ ይጠብቁታል። ይሁን እንጂ ፍተሻው ጉድለትን ያሳያል እንጂ አያሟላም። ውኃ ለመቅዳት ከጎሕ በፊት ተነሥታ ረጅም መንገድ የተመላለሰች ልጅ፣ ፊቷን ሳትታጠብ ወደ ትምህርት ቤት ብትሮጥና ከሰልፍ ወጥታ ወደ ቤት እንድትመለስ ብትደረግ፣ ትምህርቱ ያመልጣታል፤ ከዚህም የምትማረው ንጽሕና የኀፍረት ምንጭ መሆኑን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ዘመቻ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ በጥቅምት ወር የሚከበረው ዓለም አቀፍ የእጅ መታጠብ ቀን የሕዝብን ትኩረት መሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ልማድ በአንድ ቀን በዓል አይተከልም። እ.ኤ.አ. በ2009 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የወጣ አንድ ጥናት፣ አዲስ ተግባር ያለ ብዙ ማሰብ የሚፈጸም እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን፣ እንደ ሰውየውና እንደ ተግባሩ ጠባይ ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚፈጅ ገምቷል። ጥናቱ በአዋቂዎች ላይ የተደረገ ስለሆነ ቁጥሩ እንዳለ ለሕፃናት አይወሰድም፤ ሆኖም ጉዳዩ የሳምንታት እንጂ የአንድ ጠዋት አለመሆኑን ያስገነዝባል።

ከሁሉ በላይ የሚያስተቸው፣ ትምህርቱ በቤት ውስጥ ያለውን ሥርዓት አለመጠቀሙ ነው። በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ማዕድ ሲቀርብ ማስታጠብ የቆየ ወግ ነው። ታናሹ ልጅ ማስታጠቢያውን ይዞ፣ ከታላቅ ጀምሮ ለእንግዳና ለቤተሰቡ ውኃ ያፈሳል። ይህ ወግ ለዘመናት የቆየው ሰዓቱ ከምግብ ጋር ስለ ተቆራኘ፣ ሥራውም ባለቤት ስላለው ነው። ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ሳሙና አለመኖሩና አስታጣቢው ልጅ ራሱ ሳይታጠብ መቅረቱ ነው። እንግዲህ መምህሩ አዲስ ነገር ከመስበክ ይልቅ፣ ያለውን ወግ በሳሙና ቢያሟላና አስታጣቢውም እንዲታጠብ ከወላጆች ጋር ቢመካከር፣ ድካሙ በእጅጉ ይቀል ነበር።

ይኸው ሥርዓት ወደ ክፍልም ሊገባ ይችላል። ከታች በኩል የተበሳ አንድ ጄሪካን ውኃና አንድ ሳሙና በክፍሉ በር ላይ ቢቀመጥ፣ ሁለት ሁለት ተማሪዎች በሳምንት ተራ አስታጣቢ ቢሆኑ፣ ፊት ሳይታጠብ የመጣ ልጅም ከመባረር ይልቅ እዚያው ታጥቦ ቢገባ፣ የፍተሻው ሰዓት የመታጠቢያ ሰዓት ይሆናል። እርግጥ ውኃ በሌለበት ትምህርት ቤት ይህ ሁሉ ከንቱ ምክር ነው። ስለዚህ የውኃ አቅርቦት ከትምህርቱ ተነጥሎ መታየት የለበትም፤ መጽሐፍ የሌለው ክፍል የማንበብ ትምህርት እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ውኃ የሌለው ክፍልም የንጽሕና ትምህርት ሰጥቷል ሊባል አይችልም።

ግምገማውም በዚሁ መሠረት መለወጥ ይኖርበታል። የወሩ መጨረሻ ጥያቄ «መቼ እንታጠባለን?» መሆኑ ቀርቶ፣ በወሩ ውስጥ ጄሪካኑ ስንት ቀን ውኃ እንደ ነበረውና ስንት ልጆች ታጥበው እንደ ገቡ የሚመዘግብ ቢሆን፣ ምዘናው ተማሪውን ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤቱንም ይፈትናል። ልጁ የተጠየቀውን ፈጽሞ ሳለ ውኃው ካልነበረ፣ የወደቀው ማን እንደ ሆነ መዝገቡ ራሱ ይናገራል።